ስለ ሰው ዕድሜና ስለ ዘር

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሕፃናት አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ ግን ሕፃኑ ከመፀነሱ በፊት ስላለው ነገር፤ ይኸውም የሰው ዕድሜ ሲገፋ ዘሩ ምን እንደሚሆን ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን። ነገሩ በአደባባይ ሊነገር የማይገባ የሚመስላቸው አንባቢዎች ቢኖሩ አይፍረዱብን። በብዙ ቤት ባልና ሚስትን ያለያየ፤ ርስትን ያከራከረ፤ ሽማግሎችን ያደከመ ጉዳይ ነውና በጨዋ ቃል ቢገለጥ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ሰበታን አልፎ ወደ ወጨጫ ተራራ የወጣ ሰው የመናገሻን ደን ያውቃል። በዚያ ያለውን ጥድ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። ከዛፎቹ አንዳንዶቹ ግንዳቸው ተሰነጣጥቆ፤ የዛፍ ሽበት የሚባለው ከቅርንጫፋቸው እንደ ጢም ተንጠልጥሎ ይታያል። ነገር ግን ከዚያ ካረጀ ጥድ የወደቀው ፍሬ ቢበቅል፤ የሚወጣው ችግኝ የአንድ ቀን ችግኝ ነው እንጂ እንደ እናቱ ሽማግሌ አይደለም። በሰውም እንዲሁ ነው። የስድሳ ዓመት አባት ልጅ ሲወለድ ስድሳ ዓመት ይዞ አይወለድም። የወላጅ ሥጋ እያረጀ ልጁ አዲስ ሆኖ የሚመጣው እንዴት ነው? ዕድሜ በሥጋ ላይ ብቻ ነው የሚቆጠረው ወይስ በዘርም ላይ? ሊቃውንት ይህን ጥያቄ መርምረው የደረሱበት ነገር በትዳር ላሉትም ሆነ ገና ለሚያገቡት የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል።

የሰው ሰውነት ያለ አጉሊ መነጽር በማይታዩ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው፤ እነርሱም ሕዋሳት ይባላሉ። ሕዋስ ሁለት እየሆነ ይከፈላል፤ ቁስል የሚሽረውና ሕፃን የሚያድገው በዚህ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የነበሩ ሐኪሞች ሕዋስ በብርጭቆ ውስጥ ቢመገብ ለዘላለም ሲከፈል ይኖራል ብለው ያምኑ ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ግን ሊዎናርድ ሄይፍሊክ የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረባው ከፖል ሙርሄድ ጋር ሆኖ የሰውን ሕዋስ ሲመረምር፤ አምሳ ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን እንደሚያቆም ገለጠ። ሕዋስም እንደ ባለቤቱ ዕድሜ የተወሰነለት መሆኑ ታወቀ።

ምክንያቱን ለማስረዳት የሸማኔን ሥራ ብናነሣ ይቀላል። በሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች የሠሩት ነጠላ ጫፉ እንዳይተረተር ክሩ እየተፈተለ ይቋጫል። በሕዋስ ውስጥም የሰው ተፈጥሮ የተጻፈባቸው ክሮሞዞም የሚባሉ 46 ክሮች አሉ፤ በየጫፋቸውም ቴሎሜር የሚባል ቋጭ አለ። ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር ይህ ቋጭ ጥቂት ጥቂት እየተበላ ያጥራል፤ በመጨረሻም ክሩ ሊተረተር ሲደርስ ሕዋሱ ሥራውን ያቆማል ወይም ይሞታል። ያጠረውን መልሶ የሚቋጭ ቴሎሜሬስ የሚባል ነገርም በሰውነት ውስጥ እንዳለ የታወቀ ሲሆን፤ ለዚህ ምርመራ ኤሊዛቤት ብላክበርን፤ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ መልሶ ቋጪ በአብዛኛው የሥጋ ሕዋስ ውስጥ ዝም ያለ ነው። የወንድ ዘር በሚፈልቅበት ስፍራና በፅንስ የመጀመሪያ ቀናት ግን ተግቶ ይሠራል። የሽማግሌው ልጅ እንደ አባቱ ሳይሆን አዲስ ሆኖ ከሚመጣበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። ኦገስት ቫይስማን የሚባለው የጀርመን ሊቅም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፤ ይህ ሁሉ ሳይታወቅ፤ ሥጋ ሟች ሲሆን ዘር ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሸጋገር ሌላ መሥመር ነው ብሎ አስተምሮ ነበር።

ቢሆንም ከዚህ ተነሥቶ ዘር ከቶ አያረጅም ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። መሥመሩ ይታደሳል፤ ዘሩን የሚጠብቀው ሰው ግን ያረጃል፤ የሚያረጅበትም መንገድ በወንድና በሴት አንድ ዓይነት አይደለም።

አስቀድመን የሴትን እንናገር። ሴት ልጅ ገና በእናትዋ ማሕፀን ሳለች፤ በአምስተኛው ወር ገደማ፤ ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንቁላል ሕዋሳት ይኖሯታል። ከዚያ በኋላ አዲስ አይጨመርላትም፤ ያለው ይቀንሳል እንጂ። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን፤ ለአካለ መጠን ስትደርስ ከ300,000 እስከ 400,000 ያህል ይቀራል። ከእነዚህም መካከል በዕድሜዋ ሙሉ በየወሩ እየበሰሉ የሚወጡት 400 ያህል ብቻ ናቸው፤ የቀሩት በየጊዜው ይጠፋሉ። ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ የወር አበባ ይቆማል፤ ሴቲቱም አረጠች ይባላል።

እንግዲህ የአርባ ዓመት ሴት የምታፈልቀው እንቁላል ከራስዋ ከባለቤቲቱ በጥቂት ወር ይበልጣል ማለት ነው፤ እርስዋ ሳትወለድ ተሠርቶ ተቀምጧልና። የትውልድ ሐረግ መቁጠር የሚወዱ አንባቢዎቻችን ይህን ያስተውሉት፤ ሴት ልጅ የፀነሰች እናት የልጅ ልጆችዋንም ግማሽ ዘር በዚያው ሆድዋ ተሸክማ ትዞራለች።

በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ሰው የብራና መጽሐፍ እንዴት እንደሚያረጅ ያውቃል። ጽሕፈቱ ሳይደበዝዝ፤ ብራናውም ሳይበላ፤ ጥራዙን የያዘው ጅማት ሲላላ ቅጠሉ ከስፍራው ይወጣል፤ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰውም አንድ ቅጠል በእጁ ይቀርበታል። በሴት እንቁላል የሚሆነው ይህን ይመስላል። ክሮሞዞሞቹ ተጣምረው፤ ከሴቲቱ ልደት በፊት ጀምረው ሠላሳም አርባም ዓመት ታስረው ይቆያሉ። ማሰሪያቸው ዕድሜ ሲገፋ ይላላል። እንቁላሉ የሚወጣበት ወር ደርሶ 23ቱ እንዲቀሩ 23ቱም እንዲወጡ ሲካፈሉ፤ ማሰሪያው የላላው አንዱ ወዳልተገባው ወገን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚፀነሰው ልጅ በ46 ፈንታ 45 ወይም 47 ይኖረዋል። ከዚህ ዓይነቱ ፅንስ አብዛኛው አይጸናም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወርዱት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ በዚህ ምክንያት የሚወርዱ ናቸው። ጸንቶ ከሚወለደውም የታወቀው ዳውን ሲንድሮም የሚባለው ነው።

ቁጥሩን እንናገር፤ ነገር ግን ቁጥሩን የሚያነብ ሰው ሁለቱን ወገን ይመልከት። እናቲቱ የ25 ዓመት ስትሆን ከ1,250 ልጆች አንዱ ያህል፤ በ40 ዓመት ከ100 አንዱ፤ በ45 ዓመት ከ30 አንዱ ዳውን ሲንድሮም ይዞ ይወለዳል። የአርባ ዓመት እናት ይህን ሰምታ አትደንግጥ፤ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ከዚህ ነገር ነጻ ሆነው ይወለዳሉና። እንዲህ ያለ ልጅ የተወለደለትም ቤት የእርግማን ቤት አይደለም፤ ልጁን መደበቅም ነውር ነው። በዚህ ነገር የጎረቤትን አፍ የምንወቅሰው ከበሽታው ይልቅ ነው።

ማሕፀን እንደ እንቁላል ፈጥኖ አያረጅም። ከዚህ በታች ስለምንነግራችሁ በሐኪም እጅ ስለሚደረግ ፅንስ የሚያጠኑ ሰዎች፤ ዕድሜዋ የገፋ ሴት የወጣት ሴት እንቁላል ብትቀበል፤ የመፀነስ ተስፋዋ በእንቁላሉ ባለቤት ዕድሜ እንጂ በራስዋ ዕድሜ እንደማይለካ ደርሰውበታል። ይህን ልማድ መልካም ነው ብለን ለማመስገን አይደለም የጻፍነው፤ በዚህ ላይ የየሃይማኖቱ ሊቃውንት ይናገሩበት። የዕድሜው ጉዳይ ከምን እንደሚመጣ ስለሚያስረዳ ብቻ ነው።

ወንድስ? ብዙ ሰው ወንድ አያረጅም ይላል። እውነት ነው፤ ወንድ ለአካለ መጠን ከደረሰ ጀምሮ ዘሩ በየቀኑ አዲስ ይሠራል፤ አንዱ ዘር ተጀምሮ እስኪፈጸም ሁለት ወር ተኩል ያህል ይፈጃል። ስለዚህ የሰባ ዓመት ሰው ልጅ ቢወልድ አይደንቅም። ነገር ግን የሴቲቱ እንቁላል አንድ ጊዜ ተጽፎ እንደ ተቀመጠ መጽሐፍ ሲሆን፤ የወንዱ ዘር ከግልባጭ የሚገለበጥ መጽሐፍ ነው። የዘሩ ምንጭ የሆነው ሕዋስ በዓመት 23 ጊዜ ያህል ይከፈላል። ቁም ጸሐፊ ምንም ቢጠነቀቅ ከግልባጭ ግልባጭ በተጻፈ ቁጥር አንዲት ፊደል መሳቱ አይቀርም፤ የሚቀጥለውም ጸሐፊ ያችኑ ስሕተት እንዳለች ይገለብጣታል። በአይስላንድ ደሴት ወላጆችንና ልጆችን የመረመሩ ሊቃውንት በ2012 እ.ኤ.አ. እንደ ገለጡት፤ አባት አንድ ዓመት በጨመረ ቁጥር ለልጁ የሚያስተላልፈው አዲስ ስሕተት በሁለት ያህል ይጨምራል፤ የሃያ ዓመት አባት 25 ያህል፤ የአርባ ዓመት አባት 65 ያህል ያስተላልፋል። አብዛኛው ስሕተት የማይጎዳ ነው፤ ጥቂቱ ግን ይጎዳል። ዊልሄልም ቫይንበርግ የሚባለው የጀርመን ሐኪም በ1912 እ.ኤ.አ. ከአንድ ዓይነት ድንክነት ጋር የሚወለዱ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከታላላቆቻቸው በኋላ የሚወለዱ መሆናቸውን አስተውሎ ነበር፤ በኋላም ነገሩ ከአባት ዕድሜ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ካልን ዘንድ አንድ ቃል ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በቀድሞ ዘመን ስድሳ የሞላው ባለጸጋ ገና ልጅ የሆነችውን አግብቶ፤ ልጅ ሳይወለድ ቢቀር ልጅቱን ወደ አባትዋ ቤት ሲመልሳት፤ ሽማግሌው እንዴት ነው ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። መካን የሚለው ቃል ለሴት ብቻ የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር። ሐኪሞች የደረሱበት ግን ሌላ ነው። ልጅ ካጡ ባልና ሚስቶች መካከል ወንዱ ብቻውን ወይም ከሚስቱ ጋር ምክንያት የሚሆንበት ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሴቲቱን ሦስት ጊዜ አስመርምሮ ራሱን አንድ ጊዜ ያላስመረመረ ባል ፍርዱን የሰጠው አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ ነው፤ በፍርድ ቤት የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ያለውን ፍርድ ምን እንደምንለው የታወቀ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ከባድ የፍች ምክንያት ብሎ ከቆጠራቸው መካከል መካንነትን አላስገባም።

የታላላቆቹንም ቤት ያየን እንደሆነ ምሳሌ አናጣም። ዐፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1875 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን ሲያገቡ ሁለቱም ከሠላሳ ዓመት በላይ ነበሩ። ንጉሡ ከዚያ በፊት የወለዷቸው ልጆች ነበሯቸው፤ እቴጌይቱ ግን ቀድሞ በነበራቸውም ትዳር በዚህኛውም ልጅ አልወለዱም። አልጋ ወራሽ ለሚፈልግ ንጉሥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ዙፋኑም በመጨረሻ ለልጃቸው ለወይዘሮ ሸዋረጋ ልጅ ለልጅ ኢያሱ ተላለፈ። ቢሆንም ንጉሠ ነገሥቱ በ1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ እቴጌ ጣይቱን አልለወጡም፤ ምክራቸውንም አላጓደሉም። አልጋ የሚወርስ ልጅ ያጣው ቤት ሚስቱን ካከበረ፤ የጋሻ መሬት ወራሽ ያጣው ቤት ምን ሊል ነበር?

ከአንባቢዎቻችን መካከል ሣራን የሚያነሣ አይጠፋም። ሣራ በዘጠና ዓመትዋ ይስሐቅን ወልዳለች፤ ኤልሳቤጥም በእርጅናዋ ዮሐንስን፤ ቅድስት ሐናም እመቤታችንን ከረጅም መካንነት በኋላ ወልደዋል። እኛም ይህን እናምናለን። ነገር ግን መጻሕፍቱ እነዚህን ልደቶች እንደ ተአምር የነገሩን የዘወትሩ ሥርዓት ሌላ ስለሆነ ነው። የዘወትሩን ሥርዓት ማወቅ ተአምሩን አያሳንሰውም። በታኅሣሥ 19 ቀን ስለትዋን ይዛ ወደ ቁልቢ የምትወጣውን፤ በእንጦጦ ጸበል የምትጠመቀውን ሴት አንነቅፍም። የምንለው፤ ስለቱና ሐኪሙ በአንድ ወር ይጀመሩ ነው። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት አንዱን ሞክሬ ባይሆን ወደ ሌላው እሄዳለሁ ብላ አራት ዓመት ብትጠብቅ፤ እነዚያ አራት ዓመታት በሃያ ዓመት ዕድሜዋ ቢያልፉ ኖሮ ያላደረሱባትን ጉዳት ያደርሱባታል።

ይህ ነገር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ አሳሳቢ የሆነበት ምክንያት አለ። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በመላው ኢትዮጵያ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 4.6 ልጅ ሲሆን፤ በአዲስ አበባ ግን 1.8 ብቻ ነው። በከተማ ያሉ ወጣቶች ትምህርት ይጨርሳሉ፤ ሥራ ይይዛሉ፤ ቤት ይሠራሉ፤ ከዚያ በኋላ ያገባሉ። መልካም ነው። የሚጎዳው መዘግየቱ ራሱ ሳይሆን ዘሩም አብሮ የሚጠብቅ መስሎ መታየቱ ነው። በሴት ከ30 ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ፤ ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ በፍጥነት የመፀነስ ኃይል ይቀንሳል።

ይህን ጽሑፍ ይዞ ልጁን በአሥራ አምስት ዓመትዋ ለመዳር የሚሮጥ አባት ቢኖር ግን አላነበበውም። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። አጥንትዋ ሳይጠና የምትወልድ ልጅ ምጥ ይጸናባታል፤ ፊስቱላ የሚባለውም ጉዳት ያገኛታል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1974 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ያቋቋሙት እንዲህ ላሉት እናቶች ነው።

ደግሞም መካንነት ሁሉ ከዕድሜ አይመጣም። በአፍሪካ አገሮች ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ያልታከመ ጨብጥና የመሳሰለው የአባላዘር በሽታ ነው። በሽታው የእንቁላሉን መተላለፊያ ቱቦ ይዘጋል፤ ሴቲቱም አንድ ልጅ ወልዳ ሁለተኛውን ታጣለች። ብዙ ጊዜም በሽታውን ወደ ቤት ያስገባው በመካንነት የሚከሳት ባልዋ ራሱ ነው። ትምባሆም የሴቲቱን እንቁላል ፈጥኖ ይጨርሳል፤ የምታጨስ ሴት ከማታጨሰው በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ቀድማ ታርጣለች።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ባልና ሚስት ሳይከላከሉ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ፅንስ ካልመጣ፤ ሴቲቱ 35 ዓመት አልፏት እንደሆነ ደግሞ በስድስት ወር፤ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ይሂዱ። ከምርመራው ሁሉ የወንዱ ይቀላል፤ ዘሩ በዕቃ ተቀብሎ በአጉሊ መነጽር ይታያል፤ ቢላም መርፌም የለበትም። ሮበርት ኤድዋርድስ የሚባለው የእንግሊዝ ሊቅና ባልደረባው ፓትሪክ ስቴፕቶ እንቁላልንና ዘርን ከማሕፀን ውጭ አገናኝተው የመጀመሪያይቱ ሕፃን በሐምሌ 1978 እ.ኤ.አ. ከተወለደች ወዲህ ይህ ሕክምና ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል። በእኛም አገር በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ረዳትነት በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2019 እ.ኤ.አ. ተከፍቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ለተጠቃለሉት ለሰበታ፤ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰዎች መንገዱ ሩቅ አይደለም። ነገር ግን ይህም ሕክምና ቢሆን የእንቁላሉን ዕድሜ ወደ ኋላ አይመልስም። ሐኪሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሴቲቱን ዓመት የሚጠይቀው ስለዚህ ነው፤ ዕድሜዋን የምትደብቅ ሴት ቢያንስ ለእርሱ እውነቱን ትንገረው።

ሁሉ ተሞክሮ ልጅ ላልመጣላቸው ሰዎች የመናገሻ አገር ራሱ ያቆየልን ሥርዓት አለ። የኦሮሞ ሕዝብ ጉዲፈቻ ብሎ የሌላውን ልጅ የራሱ አድርጎ ያሳድጋል፤ ልጁም እንደ ተወለደ ልጅ ይቆጠራል እንጂ እንደ እንግዳ አይታይም። ይህ ሥርዓት እስከ ስሙ ወደ አማርኛና ወደ ሕጋችን ገብቷል። ከቀድሞው የጡት ልጅ የሚለየውም ጉዲፈቻ በውል ተጽፎ በፍርድ ቤት መጽደቅ ያለበት መሆኑ ነው፤ ሳይጸድቅ አይጸናም። አሳዳጊው ከሞተ በኋላ ዘመዶች ልጁን ከርስት ለማስወጣት ክርክር የሚያነሡት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጽሕፈት ሲጎድል ነው። ውሉ እንዴት እንደሚጻፍና ማን ማን መፈረም እንዳለበት በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ገጽ እናወጣለን።